የከብት ደቦ

በእኛ አገር ድንች ከእጅህ ካመለጠ የምታገኘው ጎረቤት ማሳ ውስጥ ነው። ከጉና ጫፍ ጀምሮ ወደ ደብረ ታቦር እስከሚወስደው መንገድ ድረስ መሬቱ ሁሉ ታች የሚጠብቀው ጉዳይ ያለ ይመስል ቁልቁል ይወርዳል። ከላይ ጓሳ ሣርና ጉም ነው። ከጉሙ በታች ገብስና ድንች አለ። ከገብሱ በታች ቤቶቻችን ናቸው፤ ከእነሱ በታች ስንዴ፣ ከስንዴው በታች ጤፍ፣ በየድንበሩ ደግሞ ማንም ሳይጠራው የመጣ ባህር ዛፍ። አባቴ ያላቸው መሬት ትንሽ ነው፤ ግን ብዙ ቦታ ነው። አንዱ ቁራጭ ላይ፣ አንዱ ታች፣ አንዱ ከጅረቱ ማዶ። ላይኛው ማሳ ጋቢ ደርበው ይውላሉ፤ ታችኛው ሲደርሱ ሸሚዛቸውን ያወልቃሉ። በአንድ ቀን ሁለቱንም ያዩ እንደሆነ ማታ ስለ አየሩ አይጠየቁም፤ ይቆጣሉ።

በዚህ ሁሉ ቁልቁለት መካከል አንድ ሜዳ አለ። መስኩ እንለዋለን። ሌላ ስም አላስፈለገውም፤ ከሌላ ሜዳ ጋር የሚምታታበት ዕድል የለም። ከሥሩ ምንጭ ስለሚወጣ በጋም አረንጓዴ ነው። ማንም አያርሰውም፣ የሁሉም ነው። ክረምት ከብት አይገባበትም፤ መስቀል ሲያልፍ ሽማግሌዎች ይከፍቱትና የመንደሩ ከብት ሁሉ ይሰማራበታል። ሠርግ ሲኖር ዳስ የሚጣለው እዚያ ነው፤ ሰው ሲሞት የሚለቀሰው እዚያ ነው፤ በበጋ እሑድ እሑድ ኳስ የምንጫወተውም እዚያው ነው። ኳሷ ከመስኩ ጠርዝ ካለፈች ጨዋታው አለቀ። ማን አሸነፈ ብሎ የሚከራከር የለም፤ ሁላችንም ቆመን ወደ ጤፉ ስትወርድ እናያታለን።

አባቴ የመስኩ ሽማግሌዎች ሰብሳቢ ናቸው። መቼ እንደሚዘጋ፣ መቼ እንደሚከፈት፣ የማን ጥጃ ሾልኮ እንደገባ የሚፈርዱት እሳቸውና ጓደኞቻቸው ናቸው። አንድ በሬ አላቸው፤ ጥቁር ላይ ነጭ የተረጨበት ቡሬ። አንድ በሬ ብቻውን አያርስምና እንደ እሳቸው አንድ በሬ ካለው ጎረቤታችን ጋር መቀናጆ ገብተዋል፤ ሁለቱን በሬዎች ጠምደው ዛሬ የእኛን፣ ነገ የእሱን ማሳ ያርሳሉ። ቡሬው የሚኖረው በመስኩ ሣር ነው። ሣሩ ከጠፋ ቡሬው አቅም አይኖረውም፤ አቅም ከሌለው ጎረቤታችን ሌላ መቀናጆ ይፈልጋል፤ አባቴም ሞፈራቸውን ግድግዳ ላይ ሰቅለው የሰው እርሻ ማየት ነው የሚቀራቸው።

እኔ ደግሞ መሬት የለኝም። የአገራችን መሬት የተከፋፈለው እኔ ሳልወለድ ነው፤ ዘግይቼ ለመምጣቴ የሚጠየቀው ማን እንደሆነ እስካሁን አላወቅሁም። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ተፈትኜ፣ ሳላልፍ ቀርቼ፣ ቤት ገባሁ። ግጥም መጻፍ ጀመርኩ፤ ግጥም በሬ አይፈልግም። እኩዮቼ በየዓመቱ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ይወርዳሉ። አንዳንዱ ወባ ይዞ ይመለሳል፣ አንዳንዱ አዲስ ስልክ ይዞ። የማይመለስም አለ። እኔም አንድ ቦርሳ አዘጋጅቼ ከአልጋዬ በላይ ሰቅዬ ነበር። እናቴ ቤቱን ስታጸዳ ያቺን ቦርሳ አልፋ ነው የምታጸዳው።

አምና የመንደራችን መሬት አልባ ወጣቶች በማህበር ተደራጀን። ሥራችን በግና በሬ ማድለብ ይሆናል ተባለ። በግ አልነበረንም፣ በሬም አልነበረንም፣ ማህተም ግን ነበረን። ለማድለቢያ ቦታ ያስፈልጋል፤ በአካባቢው ያልተያዘ ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም መስኩ ነው። ለወረዳ ያቀረብነው ጥያቄ አጭር ነበር፦ መስኩ ሥራ ፈት ነው፣ እኛም ሥራ ፈት ነን፣ አገናኙን። የማህበሩ ጸሐፊ እኔ ነበርኩ።

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው። መስኩን ካገኘን አገሬ እቀራለሁ፣ የአባቴ በሬ ግን የሚግጠው ያጣል። ካላገኘን በሬው ይጠግባል፣ እኔ ቦርሳዬን አንስቼ መተማ እወርዳለሁ።

በአንድ ቤት የምንኖር የሁለት ወገን ሹማምንት ሆንን። አባቴ ቀን በሽማግሌዎች ጉባኤ «እነዚያ ሥራ ፈቶች» ሲሉን ይውላሉ፤ እኔ በማህበሩ ስብሰባ «ለውጥን የማይቀበሉ አንዳንድ አካላት» እያልኩ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። ማታ አንድ ትሪ ከበን እንበላለን።

«አንዳንድ አካላት ብላችሁኛል አሉ» አሉ አባቴ አንድ ቀን እጃቸውን እየታጠቡ።

«አንቱን ማለታችን አይደለም አባባ።»

«ታዲያ ማንን ነው? እዚህ መንደር ስንት አካል አለ?»

«አንቱስ ሥራ ፈት ያሉት ማንን ነው?»

«ስምህን ጠራሁ?»

እናቴ ድስቱን ይዛ ቆማ ስትሰማ ነበር። «ሰብሳቢውም ጸሐፊውም ስብሰባችሁን ከጨረሳችሁ ወጥ ላውጣ?» አለች። «ካልጨረሳችሁም እኔ እንደ ታዛቢ ልብላ።»

ይሄ ሳያንስ ግጥም ታዘዝኩ። በአገራችን ያለ ግጥም የሚከፈት ስብሰባ የለም፤ የወረዳ ሰዎች መስኩ በጥቅም ላይ መሆን አለመሆኑን ሊያዩ እንደሚመጡ ሲነገር የማህበራችን ሊቀመንበር ወዲያው ጠራኝ። ሊቀመንበራችን ጉም ውስጥም ቢሆን ጥቁር መነጽሩን የማያወልቅ ልጅ ነው። «የመስኩን ሥራ ፈትነት የሚገልጽ፣ ስሜት የሚነካ፣ አጠር ያለ» አለኝ። ጻፍኩ፦

ይህ ሰፊ መስካችን ሣር ለብሶ ከሚተኛ፣
ቀስቅሳችሁ ስጡት ሥራ ላጣን ለእኛ።

በማግስቱ አባቴ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ደጃፋችን ላይ ጠበቁኝ። «ለእኛም አንድ ጻፍልን» አሉ።

«አባባ፣ እኔ እኮ የዚያኛው ወገን ጸሐፊ ነኝ።»

«ጸሐፊነትህን ማን ነካው? ግጥም ነው ያልነው። ወፍጮ ቤቱስ የእናንተንም የእኛንም እህል አይፈጭም?»

አንደኛው ሽማግሌ ጨመሩበት። «ሌላ ገጣሚ ብናገኝ አንተን አንለምንም ነበር። አገሩ አንድ ገጣሚ ነው ያፈራው፣ እሱም ጠላታችን ሆኖ ተገኘ።»

ለእነሱም ጻፍኩ። እውነቱን ለመናገር ይህኛው ይበልጥ ቀለለኝ፦

ተኝቷል አትበሉት መስኩን ዝም ቢላችሁ፣
በሬውን ጠይቁት፣ እሱ ይንገራችሁ።

የሽማግሌዎቹ ጭንቀት ግን ግጥም አልነበረም። የመንደራችን ከብት ጥቂት ነው። በዚያ ሰፊ ሜዳ ላይ ሲበተን ሰው ጥሎት የሄደ ዕቃ ይመስላል። የወረዳ ሰው መጥቶ ቢያይ «እውነትም ባዶ ነው» ከማለት በቀር ምን ይላል? ሽማግሌዎቹ ባህር ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሲመክሩ እኔ በመንገዱ ሳልፍ ሰማሁ።

«ደቦ እንጥራ» አሉ አባቴ።

«ለምኑ ሥራ?» አሉ አንዱ።

«ለመጋጥ።»

ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ራሳቸውን መነቅነቅ ጀመሩ። ለአጨዳ ደቦ ይጠራል፣ ለአረም ይጠራል፣ ቤት ለመሥራት ይጠራል። ሰው ጉልበቱን ይዞ ይመጣል፣ ባለቤቱ ያበላል ያጠጣል፣ ሌላ ቀን ብድሩን ይመልሳል። ለከብት የማይጠራበት ምክንያት ማንም አልመጣለትም። በየመንደሩ ተላከ፦ ማክሰኞ ከብቶቻችሁን ይዛችሁ ኑልን፣ ይግጡልን፣ እኛም በተራችን መጥተን እንግጥላችኋለን።

ማክሰኞ ጠዋት ከየሸንተረሩ ከብት ወረደ። ከላይ ከጓሳው ጠርዝ ብርድ የለመዱ ጠጉራም በሬዎች መጡ። ከታች ከጤፉ አገር አጭር ጠጉር ያላቸው፣ ቀና ብለው የሚሄዱ ላሞች መጡ። አንድ ሰውዬ በጎቹን ነዳ፤ አንዱ ደግሞ አህያ ይዞ ደረሰ።

«አህያው ምን ይሠራል?» ተባለ።

«ጠርታችሁኝ ባዶ እጄን ልምጣ? ከሩቅ ሲታይ ከብት ይመስላል።»

አንድ አዛውንት የነዷት ላም በጣም አርጅታለች፤ ጥርስ የላትም። ሣሩ ላይ አፏን አድርጋ ዝም ብላ ቆመች። አዛውንቱ «መብላት አትችልም፣ ግን አክብራችሁ ስለጠራችሁን መጣች» አሉ። አባቴ ደስ አላቸው፤ ለላሟ ከምንጩ አጠገብ ለስላሳው ሣር ያለበት ቦታ ተሰጣት። ሴቶቹ ጠላ ጠምቀው ነበር። የከብቶቹ ባለቤቶች ከመስኩ በላይ ያለው ድንጋይ ላይ ተደርድረው ጠላቸውን እየጠጡ ከብቶቻቸውን ያበረታታሉ። «አይዞህ! አይዞህ ዳልቻው! ግፋበት!» ይላል አንዱ። ጎረቤቱ ይቀበላል፦ «ያንተ ቆሞ ይተክዛል፣ የእኔን ተመልከት፣ ቀና አላለም!»

ያን ሁሉ እንግዳ ከብት የሚጠብቅ ጠፋ። አባቶች ልጆቻቸውን አዘዙ፤ ልጆቹ ደግሞ እኛ ነበርን። መስኩን ማንም አይጠቀምበትም ብሎ ያመለከተው ማህበር አባላቱ በሙሉ ዱላ ይዘው መስኩ ላይ ተሰማሩ። ሊቀመንበራችን በጥቁር መነጽሩ ሁለት የሚዋጉ ኮርማዎችን ሲገላግል ዋለ። የማህበሩ ማህተም በኪሴ ነው፣ ዱላው በእጄ ነው፣ ሁለቱ ግጥሞች በደረት ኪሴ አንዱ ከአንዱ ተጣጥፈው ነው።

ከቀትር በኋላ ስልክ ተደወለ። የወረዳ ሰዎቹ መኪና አጥተዋል፤ ነገ ይመጣሉ።

ጎረቤታችን፣ የአባቴ መቀናጆ፣ ሣሩን ዞር ዞር ብሎ አየ። «በሉ እንግዶቹን እንሸኝ፤ ነገ ይመለሱ» አለ።

«ደቦ የመጣ ሰው ሥራው ሳያልቅ ይሸኛል?» አሉ አባቴ።

«ሥራው እኮ መጋጥ ነው። ጋጡ።»

«ሥራው መታየት ነው። ማን አያቸው?»

እንግዶቹ አደሩ። ከብቶቹም አደሩ። ረቡዕ ሰማዩ ጠቆረና ወቅቱን ያላየ ዝናብ ወረደ። ያ ሁሉ ሰኮና እርጥቡን መስክ ረገጠው፣ አዞረው፣ ለወሰው። ሰዎቹ አሁንም አልመጡም፤ ስልኩ «ነገ» አለ። ጎረቤታችን አባቴን ወደ ጎን ጠርቶ ሣሩ ማለቁን ነገራቸው። አባቴም አይተውታል። ግን ደቦው የእሳቸው ነው፣ ጠሪው እሳቸው ናቸው። እንግዳን ከማዕድ አስነስቶ «ሂድ» ማለት እንዴት እንደሚባል አያውቁም፤ ቃሉ በአፋቸው የለም። ቡሬው ሌሎቹ በሬዎች ገፍተውት መስኩ ዳር ቆሞ ነበር። የገዛ ሣሩን እንግዳ ሲበላው ሁለት ቀን ሙሉ አየ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መጡ። ባጃጁ ዳገቱን አልችል ብሎ ግማሽ መንገድ ላይ ስላወረዳቸው እያለከለኩ ነው የደረሱት፤ አንድ ኃላፊ፣ አንዲት የግብርና ባለሙያ። ባለሙያዋ ቦት ጫማ አድርጋለች፤ ኃላፊው በከተማ ጫማ ነው። መስኩ ጠርዝ ላይ ሲቆሙ ከፊታቸው የነበረው ጥቁር ጭቃ ነው። በጭቃው ላይ የሚበሉት የሌላቸው ከብቶች ተኝተዋል። አህያው የእኛን አጥር እየበላ ነው።

«መስኩ የታለ?» አለች ባለሙያዋ።

«ይኸውልሽ ልጄ» አሉ አባቴ። «እንደምታይው ሙሉ በሙሉ በጥቅም ላይ ነው።»

«ሣሩስ?»

«በጥቅም ላይ ውሏል።»

ሊቀመንበራችን ጉሮሮውን ጠርጎ ወደ ፊት ወጣ። «በማህበራችን ስም መግለጽ የምፈልገው፣ ይህ መስክ ለዘመናት ያለ አገልግሎት...» ሲል አንድ ወይፈን ከኋላው መጥቶ መነጽሩን አሸተተ። ባለሙያዋ ዱላውን አየችው። «አንተ የማን እረኛ ነህ?» ብላ ጠየቀችው። እናቱ ከወዲያ ማዶ «የእኔ ነው!» ብላ ጮኸች።

ከዚያ ግጥም ተባለ። ሽማግሌዎቹ አባቴን አዩ፣ የማህበሩ ልጆች ሊቀመንበሩን አዩ፣ ሁሉም በኋላ እኔን አየ። ጭቃው መሐል ገብቼ ቆምኩ። ኪሴ ውስጥ ሁለት ግጥም አለ፤ ሁለቱም ስለ ሣር ነው። አንዱን አውጥቼ ሌላውን ብተው ወይ ማህበሩን መክዳት ነው ወይ እራቴን ማጣት ነው። ሁለቱንም አነበብኩ። መስኩ ሣር ለብሶ ተኝቷልና ቀስቅሱት አልኩ፤ ወዲያው ቀጥዬ ተኝቷል አትበሉት፣ በሬውን ጠይቁት አልኩ። ለሁለቱም ተጨበጨበ። ለሁለተኛው ትንሽ ከፍ ያለ ነበር፤ የደቦው እንግዶችም ስላጨበጨቡ ነው።

«የትኛው ነው ያንተ ሐሳብ?» አለችኝ ባለሙያዋ።

«ሁለቱም።»

«ሁለቱንም ታምንባቸዋለህ?»

«ሳነባቸው አዎ።»

ሣቅ ሊያመልጣት ነበር፣ ያዘችው። ጎንበስ ብላ ጭቃውን በጣቷ አነሳች፣ አሸችው። ከዚያ ቀና ብላ ለኃላፊው በዝግታ ነገረችው። ሜዳው ውሃ የሚይዝ ስለሆነ ቤትና በረት አይሠራበትም፤ ወጣቶቹን እዚህ ማስፈር ምንጩን ማጥፋት ነው። ከብቱ ደግሞ ከአቅሙ በላይ ነው፤ እንዲህ ከተጋጠ በሁለት ክረምት ቦረቦር ይሆናል። ኃላፊው ሰማት፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ጫማውን ከጭቃው ነቅሎ ለሁላችንም ተናገረ። መስኩ እስኪያገግም ድረስ ተዘግቷል። ከብት አይገባበትም፤ ወጣትም አይገባበትም።

ከልማድ የተነሳ አጨበጨብን።

ያን ዕለት እንግዶቹ እያመሰገኑ ተሸኙ። የወረዳ ሰዎቹ የመጡበት ጉዳይ እንዴት እንዳለቀ የሰሙ አንዳንዶቹ አዘኑልን፤ አህያ ያመጣው ሰውዬ ብድሩን መቼ መጥተን እንደምንግጥለት ጠየቀ። እኔና አባቴ ወደ ቤት ጎን ለጎን ወጣን።

«አሸነፋችሁን?» አሉኝ።

«አላሸነፍናችሁም አባባ።»

«እኛም አላሸነፍናችሁም።» ዳገቱን ትንሽ ወጡና ቆመው ተነፈሱ። «እንግዳው ግን ጠግቧል።»

የተዘጋ መስክ ጠባቂ ያስፈልገዋል። ጠባቂው መሬት ከሌላቸው ወጣቶች አንዱ ይሁን ተብሎ መንደሩ ተሰበሰበ። ሊቀመንበራችን እኔን ጠቆመ፤ ሽማግሌዎቹም ተስማሙ። ምክንያታቸው ለሁለቱም ወገን የገጠመ ሰው አያዳላም የሚል ነበር። ሊቀመንበራችን በሳምንቱ መነጽሩን አድርጎ መተማ ወረደ። እኔ ለአንድ ዓመት ብቻ ልያዘው ብዬ ቦርሳዬን ሳላወርድ ገባሁበት። ሕጉን ያወጡት አባቴና ጓደኞቻቸው ናቸው፦ መስኩ ውስጥ የተገኘ ከብት ተይዞ ጠባቂው ግቢ ይታሰራል፤ ባለቤቱ ሽማግሌ ይዞ መጥቶ ይጠይቃል፤ ከብቱ ደግሞ እንዳይገባ ዋስ ይጠራል፤ ዋሱ እስከ መጪው መስቀል ከአገር አይርቅም፣ ከብቱ ቢያጠፋ የሚፈለገው እሱ ነውና። ሕጉ ሲወጣ የጠባቂው ግቢ የሰብሳቢው ግቢ መሆኑን ማንም አላነሳውም።

ያ በጋ ለቡሬው ከባድ ነበር። ገለባ በላ። አባቴ ጓሳው ድረስ እየወጡ አበሉት፤ የገዛ ጎድኑን ተሸክሞ ይመለሳል። ጎረቤታችን ሌላ መቀናጆ ሳይፈልግ በትዕግሥት ከረመ፤ ሲያርስ ግን የእሱ በሬ የእኛን እየጎተተ ነበር ማለት ይቻላል። ክረምቱ ሲገባ መስኩ ተነሳ። መጀመሪያ በምንጩ ዙሪያ፣ ከዚያ ወደ ዳሩ፣ ነሐሴ ላይ ሣሩ ጉልበት ደረሰ። ባለሙያዋ መጥታ አየችውና ፊቷ በራ። ወደፊት ሣሩን እያጨዱ ለከብት መውሰድ እንደሚቻል ለአባቴ ነገረቻቸው።

«በሬው በእግሩ ሄዶ የሚበላውን እኔ በጀርባዬ ተሸክሜ ልውሰድለት?» አሉ።

«አዎ አባቴ።»

«ታዲያ ከብቱ ማነው?»

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ቡሬው ገባ። መስኩን ያጠርንበትን እሾህ እንዴት እንዳለፈ አላየሁም፤ ሳገኘው ሣሩ ውስጥ ጆሮው ብቻ ነው የሚታየው። ሳወጣው አልታገለም፤ እያኘከ መጣ። ሕጉን አክብሬ ወደ ጠባቂው ግቢ ነዳሁት፣ ማለትም ወደ ቤቱ። ያሰርኩትም በየቀኑ የሚታሰርበት ግንድ ላይ ነው።

«ዛሬ በጊዜ ገባ» አለች እናቴ።

«ገብቶ አይደለም፤ ተይዞ ነው።»

በሬውን አየችው፣ እኔን አየችኝ። «እና ውሃ ይሰጠዋል?»

አባቴ ከገበያ ሲመለሱ ነገርኳቸው። «ነገ ጠዋት አርሳለሁ፣ ትፈታዋለህ» አሉ። አልችልም አልኩ፤ በሽማግሌ ነው። ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱና ሕጉን ማን እንዳወጣ ትዝ አላቸው መሰለኝ ዘጉት። ዱላቸውን አንስተው ወጡ።

በማግስቱ ጠዋት ከአጥራችን ውጭ ድምፅ ሰማን። «ቤቶች!»

የአባቴ ድምፅ ነው። እናቴ ብቅ አለች። «ምነው አንቱ፣ ከገዛ ደጅዎ ቆመው?»

«ለልመና ነው የመጣነው» አሉ አባቴ፣ ከሁለት ሽማግሌዎችና ከጎረቤታችን ጋር ተሰልፈው። «ጠባቂው አሉ?»

«አሉ፤ ፊታቸውን እየታጠቡ ነው» አለች እናቴ፣ ሣቋን በነጠላዋ ሸፍና።

ገቡ። አባቴ ከየቀን መቀመጫቸው ይልቅ በሩ አጠገብ፣ የእንግዳ ቦታ ላይ ተቀመጡ። እናቴ ጠላ ቀዳች፤ ለአባቴ ስትሰጥ «ይጫወቱ፣ እንግድነት አይሰማዎት» አለቻቸው። ትልቁ ሽማግሌ ጉዳዩን አቀረቡ፦ የእኚህ ሰው በሬ ሳያውቁት አጥፍቷል፣ ባለቤቱም ተጸጽተዋል፣ በሬው ግን የተጸጸተ አይመስልም፣ ሆኖም የእርሻ ወቅት ነውና ይለቀቅላቸው። ይለቀቃል አልኩ፤ ዋሱስ?

ሁሉም ጎረቤታችንን አየ።

«እኔን አትዩኝ» አለ። «ከዚያ በሬ ጋር ስንት ዓመት ጠምጄ አርሻለሁ። አውቀዋለሁ። ዋስ አልሆነውም።»

ሽማግሌዎቹም የሽማግሌ ሥራ ማስታረቅ እንጂ መዋስ አይደለም አሉ። እናቴ እኔ ልሁን ስትል የባለቤቱ ሚስት አትሆንም ተባለች። ፀሐይዋ እየወጣች ነው፣ እርሻው እየቀረ ነው፣ ከውጭ ቡሬው ግንዱን ሲገፋ ይሰማል።

«ልጄ ዋስ ይሁነኝ» አሉ አባቴ።

«የትኛው ልጅዎ?» አሉ ትልቁ ሽማግሌ፣ እኔን እያዩ።

«አንድ ነው ያለኝ።»

«ጠባቂው እኮ ነው።»

«ጠባቂው ሌላ፣ ልጄ ሌላ። ለሁለት ወገን ግጥም ማንበብ ካልከበደው ይሄ አይከብደውም።»

ሽማግሌዎቹ ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው ተማከሩ። ሕጉ ዋሱ ማን እንደማይሆን አይናገርም፤ የሚናገረው እስከ መጪው መስቀል ከአገር እንዳይርቅ ነው። እዚያ ላይ ሲደርሱ ትልቁ ሽማግሌ ሳያስቡት ዓይናቸውን ወደ ጓዳው አነሱ፤ ከአልጋዬ በላይ የተሰቀለችው ቦርሳ በተከፈተው በር ትታያለች። ጎረቤታችንም አየ። እናቴ የጠላውን ማንቆርቆሪያ ይዛ ቆመች፣ የሚቀዳለት ብርጭቆ ባይኖርም። ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርዱት ልጆች የሚሄዱበት ቀን ደርሶ ነበር፤ ያንን በቤቱ የማያውቅ ሰው የለም። አባቴ ብቻ ቦርሳዋን አላዩም። ጠላቸውን ነበር የሚያዩት፣ በጣም ትኩር ብለው፣ ዝንብ የገባበት ይመስል።

«መጪው መስቀል የፊታችን መስከረም ነው ወይስ የዛሬ ዓመቱ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«የፊታችንማ ደርሷል» አሉ አባቴ ለጠላቸው። «እንደ ዋስትና ከተቆጠረ ያጥራል።»

«የዛሬ ዓመቱ» አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

በሬውን ወጥቼ ፈታሁት። አባቴና ጎረቤታችን ቀንበሩን ሊያመጡ ወደ ጓሮ ዞሩ። ቡሬው አልጠበቃቸውም፤ ከግቢው ወጥቶ፣ ወደ ማሳው በሚወስደው መንገድ መታጠፍ ሲገባው፣ ቀጥ ብሎ ቁልቁል ወደ መስኩ አመራ።

«ዋሱ!» ብለው ተጣሩ አባቴ ከጓሮ።

ዱላዬን አንስቼ ተከተልኩት።